ፍቅርም ምስጢርም ታሪክም ያለበት መንፈሳዊ ልብ ወለድ ጠቁሙኝ፤ መጨረሻውን ግን እንዳትነግሩኝ

የኮዬዋ
ሰላም ለዚህ ቤት። እስካሁን ዝም ብዬ የማነብ ነበርኩ። ዛሬ ግን መጠየቅ ግድ ሆነብኝ።

የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሥራዬ ሜክሲኮ ነው። ከቤት የምወጣው ከንጋቱ 11፡30፣ የረር ተራራ ገና ሳይታይ ነው። ስመለስም ያው ሰልፍ፣ ያው መንገድ። በቀን ሦስት ሰዓት ያህል አውቶቡስ ላይ ነኝ ብል አላጋነንኩም። በፊት ስልኬን ነበር የምነካካው። አንድ ቀን ተመነተፍኩ። ከዚያ ወዲህ መጽሐፍ እይዛለሁ። መጽሐፍ የሚመነትፍ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

ብሎካችን ውስጥ ሰባት ሴቶች ሆነን በየሁለት ሳምንቱ እሑድ ቡና እንጠጣለን። ሦስታችን ኦርቶዶክስ ነን፣ ሦስቱ ፕሮቴስታንት ናቸው። ሰባተኛዋ "እኔ ገና እያየሁ ነው" ትላለች። ድሮ ወሬያችን ስለ ውኃ ፈረቃና ስለ ደረጃው መብራት ነበር። አንድ ቀን በመንገድ ያነበብኩትን ልተርክላቸው ጀመርኩ። በረካው ተጠጥቶ አልቆ እንኳን ማንም አልተነሳም። ከዚያ ወዲህ አንድ መጽሐፍ መርጠን እናነባለን። እንግሊዝኛ ለሚከብዳት፣ የገባት ትተርክላታለች።

የምንፈልገው እንዲህ ያለ ነው። ፍቅር ይኑረው። አንጠልጣይ ምስጢር ይኑረው። በእውነተኛ ዘመን ላይ የቆመ ይሁን። እምነቱ ደግሞ ከታሪኩ ጋር አብሮ የተቦካ ይሁን። እስካሁን የሞከርናቸው ሁለት ሦስት መጻሕፍት ግን ሌላ ናቸው። ልጁና ልጅቷ ሁለት መቶ ገጽ ሙሉ ሲዋደዱና ሲኳረፉ ይቆያሉ። መጨረሻ ላይ አንድ ሰባኪ ይመጣል፣ ሁሉም ያለቅሳል፣ አለቀ። ጨው የተረሳበት ወጥ ላይ ገበታ ከቀረበ በኋላ ጨው እንደመነስነስ ነው።

አንጀታችንን ያራሰው አንድ ብቻ ነው፤ የሎይድ ዳግላስ "ዘ ሮብ"፣ የ1942 (እ.ኤ.አ.) መጽሐፍ። ማርሴለስ የሚባል ሮማዊ መኮንን አለ። የስቅለቱን ትእዛዝ ያስፈጸመው እሱ ነው። የጌታን ቀሚስ በዕጣ ጨዋታ አሸንፎ ይወስዳል። ከዚያ አእምሮው ሰላም ያጣል። በኋላ "ይሄ የሰቀልኩት ሰው ማን ነበር?" ብሎ ገሊላ ድረስ ይሄዳል። ሰው እንዳይነቃበት የእጅ ሥራ ጨርቅ የሚገዛ ነጋዴ መስሎ ነው። ጨርቅ ልግዛ ብሎ በገባበት ቤት ሁሉ አንድ አንድ ታሪክ ይሰማል። ከመካከላችን አንዷ ሽሮ ሜዳ ሸማኔ ቤት ያደገች ናት። "ሸማኔ እጁ ሥራ ላይ ሲሆን አፉ ይፈታል፤ ደራሲው ይሄን ያውቃል" አለች። እዚያ ላይ ወደድነው።

ችግሩ፣ መጽሐፉን ያገለገለ ነው የገዛሁት። መጨረሻው ላይ ሃያ ገጽ ገደማ የለም። አንድ ዓረፍተ ነገር መሃል ላይ ቁርጥ። ማርሴለስና የሚወዳት ዲያና ምን እንደሆኑ ሰባት ሴቶች እያሰብን ነው። እንዳትነግሩኝ! መጽሐፉን ፈልጌ አነበዋለሁ። እናንተ ሌላ ጠቁሙኝ።

አስተናባሪ
እንኳን ደህና መጣሽ። ለሁሉም ሁለት ነገር ላስታውስ። የማንንም መጽሐፍ መጨረሻ አትናገሩ። "ፒዲኤፉ ያለው ይላክልኝ" የሚባል ነገርም እዚህ የለም። ደራሲም እንጀራ ይበላል።

ባለ ሻንጣው
የኮዬዋ፣ እኔ መጽሐፍ አዟሪ ነኝ። ያንን መጽሐፍ የሸጥኩልሽ እኔ አይደለሁም (ይመስለኛል)። ለሚቀጥለው ግን ምክር ልስጥሽ። አሮጌ መጽሐፍ ስትገዢ ሽፋኑን አትይ። ከኋላ ጀምረሽ ግለጪ። ጀርባውን ጫን አድርገሽ እይው። ሙጫው ከደረቀ ቀድመው የሚለቁት የፊቱና የኋላው ገጾች ናቸው። መሃሉማ ምን ይሆናል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። "ኩዎ ቫዲስ"ን ያዙ። ደራሲው ፖላንዳዊው ሄንሪክ ሺንኬቪች ነው። በ1896 በመጽሐፍ መልክ ወጣ፤ ሰውዬው በ1905 ኖቤል ተሸልሟል። ርዕሱ በላቲን "ወዴት ትሄዳለህ" ማለት ነው፤ ጴጥሮስ ጌታን የጠየቀው ጥያቄ።

ዘመኑ የኔሮ ነው። ሮም በ64 (እ.ኤ.አ.) የተቃጠለችበት ጊዜ። ቪኒሲየስ የሚባል ጎረምሳ መኮንን ሊጂያ የምትባል ምርኮኛ ልጅ ይወዳል። አትክልት ስፍራ ውስጥ ፍቅሩን እየነገራት ሳለ እሷ ዝም ብላ በሸምበቆ አሸዋው ላይ አንድ ነገር ትስላለች። ዓሣ ነው። እሱ ምንም አልገባውም። ከዚያ ልጅቷ ትጠፋለች። በቃ፣ ፍለጋው እዚህ ይጀምራል። ኪሎ የሚባል አንድ አጭበርባሪ ግሪክ ይቀጥራል። ኪሎ የዓሣውን ትርጉም ፍለጋ በሮም መንደሮች ሲልከሰከስ ነው እንግዲህ ምስጢሩ የሚፈታው። የዓሣ ስም በግሪክኛ አምስት ፊደል ነው። እያንዳንዱ ፊደል የአንድ ቃል መነሻ ነው፦ ኢየሱስ፣ ክርስቶስ፣ የእግዚአብሔር፣ ልጅ፣ መድኃኒት።

የመጀመሪያዎቹን ሃምሳ ገጾች ታገሡ። የሮማውያን ስም ብዛት ያታክታል። እኔ ወረቀት ላይ ጽፌ ነው ያነበብኩት። ደግሞ ማስጠንቀቂያ፦ ፔትሮኒየስ የሚባለውን የኔሮን ቤተኛ ክርስቲያን ሳይሆን ትወዱታላችሁ። እውነተኛ ሰው ነበር። መጽሐፉን ከሁሉ በላይ የተሸከመው እሱ ነው ባይ ነኝ።

ወለተ
ባለ ሻንጣው ያለውን እደግፋለሁ። አንድ ነገር ልጨምርበት። ሺንኬቪች ይህን ሲጽፍ ፖላንድ የምትባል አገር በካርታ ላይ አልነበረችም። ሦስት ጎረቤቶቿ ተከፋፍለዋታል። ሊጂያ የመጣችበት ሕዝብ አገሩ በኋላ ፖላንድ በሆነው ምድር ነው። ያንን ይዛችሁ ስታነቡ በመድረኩ መሃል የምትቆመዋ ምርኮኛ ልጅ አንዲት ልጅ ብቻ አትሆንም።

ከዚያ ወደ "ቤን ሁር" ሂዱ። "ፊልሙን አይቼዋለሁ" አትበሉኝ። የ1959ኙ ፊልም 11 ኦስካር መውሰዱን አውቃለሁ፤ የሠረገላውን ውድድርም ወድጄዋለሁ። መጽሐፉ ሌላ ነው። ደራሲው ሉ ዋላስ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የተዋጋ ጄኔራል ነበር። በ1876 ባቡር ላይ ከአንድ የታወቀ እምነት የለሽ ተናጋሪ ጋር ሲከራከር ያመሻል። ከባቡሩ ሲወርድ ስለ ራሱ ሃይማኖት ምንም እንደማያውቅ ገባው። አፈረ። ማጥናት ጀመረ። በ1880 መጽሐፉ ወጣ።

ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው በአንድ የጣሪያ ሸክላ ነው። ባለታሪኩ ይሁዳ ቤን ሁር ጣሪያ ላይ ቆሞ የገዢውን ሰልፍ ሲያይ ሸክላው ይለቃል፤ ገዢው ላይ ያርፋል። እሱ ወደ መርከብ ቀዘፋ ተጣለ። እናቱና እህቱ የት እንደደረሱ የሚያውቅ የለም። ምስጢሩ እሱ ነው፤ ፍቅሩ ደግሞ በሁለት ሴቶች መካከል የሚዋልል ነው። አጀማመሩ ግን እንደ ሰንዳፋ መንገድ ረጅም ነው። ሰብአ ሰገል በረሃ ላይ እስኪገናኙ ግመል ላይ ሆናችሁ ጠብቁ።

ስሜ ይቆየኝ
[ይህ መልእክት መጨረሻውን ስለተናገረ በአስተናባሪው ተሰርዟል]

የኮዬዋ
ወይኔ አምላኬ፣ ግማሹን አይቼው ነበር! ዓይኔን ጨፈንኩ። "ዲያና ቀሚሱን" የሚለው ድረስ ብቻ ነው ያየሁት። እንዳላየሁ ቁጠሩት።

ማሂ ከጀሞ
እናንተ ሁላችሁም ሮም ውስጥ ገብታችሁ ቀራችሁ እኮ። ዘመነኞቹንም ልጥቀስ እንጂ። የእህቴ ልጅ በላከችልኝ ታብሌት ነው የማነበው፤ መብራት ሲሄድ ይሻላል።

አንደኛ፣ "ዘ ሃውስ ኦን ፎስተር ሂል"፣ የጄይሚ ጆ ራይት፣ 2017። በሁለት ዘመን የሚሄድ ነው። አንዷ ሴት በ1906፣ ሌላዋ በኛ ጊዜ፤ ያው አንድ አሮጌ ቤት ሁለቱን ያገናኛቸዋል። ሲጀምር ባዶ የዛፍ ግንድ ውስጥ የሞተች ሴት ትገኛለች። ማን እንደሆነች የሚያውቅ የለም። ማታ ብቻችሁን አታንብቡት። እኔ አንብቤው ሽንት ቤት ለመሄድ ባለቤቴን ቀስቅሻለሁ።

ሁለተኛ፣ "ዘ ባተርፍላይ ኤንድ ዘ ቫዮሊን"፣ የክሪስቲ ካምብሮን፣ 2014። ኒው ዮርክ ያለች የሥዕል ነጋዴ የአንዲት ቫዮሊን ተጫዋችን ሥዕል ትፈልጋለች። ፍለጋው ወደ አውሽዊትዝ ይወስዳታል። እስረኛ ሴቶች ኦርኬስትራ ሆነው እንዲጫወቱ የተገደዱበት ነገር ፈጠራ አይደለም፤ በ1943 የተቋቋመ እውነተኛ ኦርኬስትራ ነበር። እዚያ ውስጥ ሆኖ እግዚአብሔርን ማምለክ ይቻላል ወይ የሚለው ጥያቄ መጽሐፉን ሙሉ አብሯችሁ ይሄዳል። ፍቅሩ ትንሽ ስኳር በዝቶበታል። የጦርነቱ ክፍል ግን ይክሰዋል።

ሦስተኛ፣ ፍራንሲን ሪቨርስ። "ኤ ቮይስ ኢን ዘ ዊንድ"፣ 1993። ኢየሩሳሌም በ70 (እ.ኤ.አ.) ስትፈርስ የተረፈች ሃዳሳ የምትባል ልጅ ሮም ውስጥ ባሪያ ትሆናለች። (ይቅርታ፣ እኔም ሮም ገባሁ።) ሁለተኛውን ቅጽ አጠገባችሁ ሳታስቀምጡ የመጀመሪያውን እንዳትጨርሱ። ይሄን የምለው ለጤናችሁ ነው።

እናት ነኝ
ማሂ ጥሩ ብለሻል። የኮዬዋ፣ የዚያችው ደራሲ "ሪዲሚንግ ላቭ" የሚባለው ደግሞ ይጠቆምሽ ይሆናል። የትንቢተ ሆሴዕን ታሪክ ወደ 1850ዎቹ የካሊፎርኒያ ወርቅ ፍለጋ ዘመን ወስዳ የጻፈችው ነው። ብዙ ሰው ይወደዋል። እኔም አልቅሼበታለሁ። ግን ልጅቷ በሕፃንነቷ የሚደርስባት ነገር ከባድ ነው፤ ሳይሸፋፈን ነው የተጻፈው። ቡናው ላይ ልጆች ካሉ፣ ወይም እንዲህ ያለ ነገር የደረሰባት እህት ካለች፣ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። እኛ ሳንነጋገር ጀመርነው። አንዷ ጓደኛችን ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ተነስታ ወጣች፤ ለምን እንደወጣች የገባን ዘግይቶ ነው።

ዲያቆኑ
አልቆጣም፣ ግን ልጠይቅ። ስንክሳራችን በየዕለቱ አንድ ታሪክ አለው። ገድሉ አለ፣ ተአምሩ አለ። ሰማዕታቱ እውነተኛ ሰዎች ናቸው። ይህ ሁሉ እያለን ያልነበሩ ሰዎች ሲዋደዱ ማንበቡ ምን ይጠቅማል? ስለ እምነት የተፈጠረ ወሬ ያው ፈጠራ አይደለም ወይ?

ማሂ ከጀሞ
ወንድሜ ዲያቆን፣ የጠፋው ልጅ ስሙ ማን ነበር?

ዲያቆኑ
ምሳሌ ነው እንጂ ሰው አይ... እሺ። ገባኝ። ጥሩ አድርገሽ ነው የያዝሽኝ።

ቢሆንም ሐሳቤን ሙሉ በሙሉ አልተውኩም። ጌታ የተናገረው ምሳሌና ደራሲ የሚጽፈው ሦስት መቶ ገጽ አንድ አይደሉም። ጌታ ልጁ ምን ዓይነት ዓይን እንዳለው አልነገረንም።

ንጋት
😂😂 "ምን ዓይነት ዓይን እንዳለው" ያልከው ገደለኝ።

በቁም ነገር ግን፣ ግማሹ ሮም፣ ግማሹ አሜሪካ። የኛስ የት አለ? "ፍቅር እስከ መቃብር" አይቆጠርም እንዴ?

ወለተ
ይቆጠራል ባይ ነኝ። በዛብህ የስለት ልጅ ነው። ቋጠሮው እሱ ነው። እናቱ ለእግዚአብሔር የሰጠችው ልጅ ልቡን ለሰብለ ወንጌል ቢሰጥ ማንን ካደ? ይሄ ከመንፈሳዊ ጥያቄ ሌላ ምንድነው?

ባለ ሻንጣው
እኔ ደግሞ አይቆጠርም እላለሁ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያንን ሲያወጡ የተከራከሩት ከባላባቱና ከልማዱ ጋር ነው። ጉዱ ካሣ መንፈሳዊ ልብ ወለድ ውስጥ አንድ ምዕራፍ አያድርም። ምስጢርም የለውም፤ ከመጀመሪያው እያነባን ነው የምንሄደው። ምስጢርና ገዳም ከፈለጋችሁ የይስማዕከ ወርቁ "ዴርቶጋዳ" አለ፤ 2001 ዓ.ም. ላይ ሲወጣ ስንቱን እንደሸጥኩ እኔ ነኝ የማውቀው። የጣና ገዳማት አሉበት፣ ሴራ አለበት። እምነቱ ግን እንደ መጋረጃ ነው እንጂ እንደ ምሰሶ አይደለም።

ንጋት
እና የለንም ማለት ነው?

የሰበታ መምህር
አለን እንጂ ልጄ። መጀመሪያውኑ የጀመርነው በእሱ ነው።

ጡረታ የወጣሁ የአማርኛ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ ሁልጊዜ የማይመልሱልኝ አንድ ጥያቄ ነበር፤ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ስለ ምንድነው? ርዕሱንና ደራሲውን ሁሉም ያውቃል፤ ለፈተና ሸምድዶታል። አንብቦት የመጣ ግን በጣት የሚቆጠር ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተመው "ልብ ወለድ ታሪክ" ነው፤ በኋላ "ጦቢያ" እየተባለ የሚጠራው። አሁን የኮዬዋ የጠየቀችውን አንድ በአንድ ተመልከቱበት።

ክርስቲያኖችና አረመኔዎች ይዋጋሉ። የክርስቲያኑ የጦር አለቃ ይማረካል። የማያውቁት አንድ ነጋዴ ከፍሎ ያስለቅቀዋል። የጦር አለቃው መንታ ልጆች አሉት፤ ዋሕድና ጦቢያ። ዋሕድ የዚያን ደግ ሰው ውለታ ልመልስ ብሎ ፍለጋ ይወጣል፤ ወጥቶ ይቀራል። በባርነት ተሸጠ። አባትና እህት ደግሞ እሱን ፍለጋ ይወጣሉ። ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ነው። በአረመኔው ንጉሥ ሠራዊት እጅ ይወድቃሉ። የንጉሡ ዘመድ የሆነች ልዕልት ያንን መልከ መልካም "ወንድ" ታይና ልቧ ይጠፋል። ልጁ ልጅ አይደለም፤ ጦቢያ ናት! እንግዲህ ምስጢሩ እስኪወጣ ያለውን ጭንቅ አስቡት። ክፍል ውስጥ ስናነበው ከኋላ ወንበር የሚተኙት ሳይቀሩ ይነቁ ነበር።

ፍቅር አለ፣ ምስጢር አለ፣ የጦርነት ዘመን አለ። ሃይማኖቱ ደግሞ ጌጥ አይደለም፤ የተለያየ እምነት ያላቸው ሰዎች ሲዋደዱ መንገዱ የት ነው የሚለው ላይ ነው ታሪኩ ሁሉ የተንጠለጠለው። እውነቱን ለመናገር ግን የኮዬዋ ከጠላችው ነገር ትንሽ አለበት። ነገሮች ወደ መጨረሻው በጣም ይሰምሩለታል። ዘመኑም የስም አይደለም፤ ይሄ ንጉሥ በዚህ ዓመት ነገሠ የሚል የለበትም። አማርኛው ደግሞ ያረጀ ነው፤ ጮክ ብላችሁ ካላነበባችሁት አይገባም። እናንተ ደግሞ ቡና ላይ ስለሆናችሁ ለዚህ ትመቻላችሁ። ዛሬ ሁላችንም "ልብ ወለድ" የምንለው ቃል ከዚያ ርዕስ እንደመጣም አትርሱ።

ከእሱ ቀጥሎ የብላቴን ጌታ ኅሩይ "ወዳጄ ልቤ" አለ፤ 1915 ዓ.ም.። ሰው ከልቡ ጋር ሲነጋገር ነው። ፍቅር የለበትም፤ ስለዚህ ለሌላ ጊዜ።

ዲያቆን፣ ለአንተም አንድ ነገር ልበል። አባ ሰላማን ውሰድ። ሁለት ወንድማማች ልጆች፣ ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ፣ በቀይ ባሕር ዳርቻ መርከባቸው ተጠቃ። ሌላው ሁሉ ተገደለ። ልጆቹን አክሱም ወስደው ለንጉሥ ሰጧቸው። አንዱ የንጉሡ ጸሐፊና መዝገብ ጠባቂ፣ አንዱ ጠጅ አሳላፊ ሆኑ። ካደጉ በኋላ ነጻ ወጡ። ኤዴስዮስ ወደ ወላጆቹ አገር ተመለሰ። ፍሬምናጦስ ግን እስክንድርያ ሄዶ አትናቴዎስን "ለእነዚያ ሰዎች ጳጳስ ላክላቸው" አለው። አትናቴዎስም ራሱን ፍሬምናጦስን ሾሞ ላከው። እውነተኛ ታሪክ ነው። ግን ያ ልጅ መርከቡ ላይ ደም ባየበት ሌሊት ምን አለ? ወደ ገደሉበት አገር ተመልሶ ለመሄድ ልቡ እንዴት ቆረጠ? ስንክሳሩ እሱን አይነግርህም። ልብ ወለድ የሚገባው በዚያች ቀዳዳ ነው።

ዲያቆኑ
ጋሼ፣ ይሄን የሚጽፍ ቢገኝ እኔው ራሴ እገዛለሁ።

ባለ ሻንጣው
እኔ እሸጥልሃለሁ።

ቡራዩ 03
አሥር ዓመት ሙሉ እዚህ አለሁ፣ እንዲህ ያለ ክር አላየሁም። ጣሊያናዊውን ደራሲ ኡምቤርቶ ኤኮን ማንም አላነሳም? "ዘ ኔም ኦቭ ዘ ሮዝ"፣ 1980። በ1327 በአንድ የጣሊያን ገዳም መነኮሳት አንድ በአንድ ይሞታሉ፤ ቁልፉ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ነው። እንደ ምስጢር አወቃቀር ከሁሉም ይበልጣል።

ባለ ሻንጣው
ይበልጣል። ግን ስለ ገዳም የተጻፈ ሁሉ መንፈሳዊ አይሆንም። ፍቅሩ የአንድ ሌሊት ነው። ላቲኑ ደግሞ ሰባት ሴቶችን ከቡናው ያስነሳል። ለብቻህ የምታነበው መጽሐፍ ነው።

የኮዬዋ
ዛሬ እሑድ ነበር፤ ይህን ሁሉ በስልክ እያነበብኩ አቀረብኩላቸው። ጩኸት በጩኸት ሆነ። እንዲህ ተስማማን። መጀመሪያ ጦቢያ፣ ጮክ ብለን። "ገና እያየሁ ነው" የምትለዋ ናት አነባለሁ ያለችው፤ ድምጿ እንደ ሬዲዮ ነው። ከዚያ ዓሣው። የማሂን የዛፍ ግንድ አንዷ በጭራሽ ብላለች፤ ባሏ የሌሊት ፈረቃ ነው። ሪዲሚንግ ላቭን ለጊዜው አቆየነው። እናት ነኝ፣ ምክርሽን ሳነብ ሁለቱ ዝም አሉ። አመሰግናለሁ።

ለምን "ዘ ሮብ" ከሌሎቹ እንደሚለይብኝም ዛሬ ገባኝ። ማርሴለስ ምስጢሩን ሲፈታ ወንጀለኛውን አይደለም የሚያገኘው፤ ወንጀለኛው ራሱ ነው። ጎረቤቴ ናት ይሄን ያለችው፤ እኔ አይደለሁም። ቃና ላይ የምትዘምረዋ ሽባ ልጅ ሚርያምም አለች። መራመድ አልቻለችም፤ እንደዚያው ናት፤ ግን ትዘምራለች። ርካሽ መጽሐፍ ቢሆን ኖሮ ድና ትሮጥ ነበር።

እና መጨረሻው አሁንም የለኝም። ሁለት ሳምንት ፈለግኩ።

የሰበታ መምህር
ልጄ፣ "ዘ ሮብ" ቤት አለ። የኔ አይደለም፤ የባለቤቴ ነው። ከሣጥን ውስጥ ሆኖ በካኪ ወረቀት ተጠቅልሎ ነው የኖረው። ላውሳት ብዬ ስጠይቃት "ይመለሳል?" አለችኝ። ሦስት ጊዜ። ይመለሳል ካልሽ ማክሰኞ ሜክሲኮ ጉዳይ አለኝ።

የኮዬዋ
ጋሼ፣ በእናቴ ይመለሳል! አውቶቡስ መያዣው ጋ፣ 11፡30፣ ማታ። አረንጓዴ ሻርፕ አድርጌያለሁ።

ማሂ ከጀሞ
ይሄ ራሱ ልብ ወለድ እየሆነ ነው።

የኮዬዋ
ሐሙስ ነው።

ጨረስኩት። ማክሰኞ ማታ አውቶቡስ ላይ፣ ቆሜ፣ አንድ እጄ ብረቱ ላይ። መብራቱ ደብዛዛ ነው። አንድ ትልቅ አባት የስልካቸውን ባትሪ አብርተው ያዙልኝ። ምን እንደማነብ እንኳ አልጠየቁኝም። መውረጃዬን አልፌ የመጨረሻው ፌርማታ ደረስኩ። በእግሬ ተመለስኩ። ምንም አልልም፤ አስተናባሪው አለ። ብቻ ማታ ስድስቱንም ደረጃው ላይ ሰብስቤ አነበብኩላቸው። መብራት አልነበረም፤ በሻማ ነው።

ጋሼ፣ መጽሐፉን ቅዳሜ እመልሳለሁ፤ በዚያው ካኪ። አንድ ነገር ግን ልጠይቅ፣ ድፍረት ካልሆነብኝ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ አለ። "ለመ.፣ እስክመለስ ድረስ አንብቢው። ታኅሣሥ 1971" ይላል። ቀለሙ አንድ ቦታ ላይ ውኃ የነካው ይመስላል። ጎረቤቶቼ አላስቀምጥ አሉኝ። እርስዎ ነዎት የጻፉት?

ማሂ ከጀሞ
ጋሼ???

ወለተ
1971... ጋሼ፣ ካልፈለጉ አይመልሱ።

የሰበታ መምህር
ምንም አይደለም ልጆቼ። አሁን ጠየቅኳት፤ "ንገራቸው" ብላለች።

"መ." ባለቤቴ ናት። ጸሐፊው ግን እኔ አይደለሁም።

የቀረውን እዚህ አልጽፈውም። አስተናባሪው መጨረሻውን አትናገሩ ብለዋል። ሁለታችንም እንመጣለን፤ ቡናው የየትኛው እሑድ ነው?